ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከመግዛታችን በፊት የስምሪት ክፍሉ ሥልጣን ይሰጠው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

የአዲስ አበባ ትራንስፖርት ችግር በተነሣ ቁጥር «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው ቃል አብሮ መነሣት ከጀመረ ሰነባብቷል። እኛ በከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ፣ በስምሪትና በመረጃ ትንተና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ቴክኖሎጂውን አንቃወምም፤ በአግባቡ ከተያዘ የተሳፋሪውን የጥበቃ ጊዜ በደንብ ሊያሳጥር እንደሚችል እናምናለን። የሚያሳስበን ሌላ ነው። መሣሪያው ጠዋት 12 ሰዓት ከ40 ላይ «ቦሌ አራብሳ ሰልፍ ሊበዛ ነው፤ ሦስት አውቶቡስ ጨምሩ» ቢል፣ ይህን ሰምቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አውቶቡስ ከሌላ መስመር ማዘዋወር የሚችለው ማን ነው? ደብዳቤ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት እስኪመለስ ሰልፈኛው በእግሩ ሄዷል፣ ወይም ሦስት ታክሲ እየቀያየረ ከሥራ ዘግይቷል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይዘጋጅ የሚገዛ ሥርዓት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስክሪን ሆኖ ይቀራል ብለን እንሰጋለን።

ነገሩን ከተሳፋሪው ጥበቃ እንጀምር። ብዙ ጊዜ የምንወቅሰው የአውቶቡስ ቁጥር ማነስን ነው። እርግጥ ያንሳል። ነገር ግን ያሉትም ቢሆኑ አመጣጣቸው ከተዛባ ጥቅማቸው ይባክናል። በሰዓት አራት አውቶቡስ የተመደበለት መስመር እንውሰድ። በየ15 ደቂቃው እኩል ቢመጡ፣ ሰዓት ሳያይ ፌርማታ የደረሰ ሰው በአማካይ 7 ደቂቃ ተኩል ይጠብቃል። እነዚያው አራት አውቶቡሶች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ማለትም አንዱ ካለፈ በ3 ደቂቃ ሌላው፣ ቀጣዩ ደግሞ ከ27 ደቂቃ በኋላ ቢመጣስ? ከአሥር ተሳፋሪ ዘጠኙ ፌርማታ የሚደርሰው በ27 ደቂቃው ክፍተት ውስጥ ነው፤ እነዚህ በአማካይ 13 ደቂቃ ተኩል ይጠብቃሉ። አንዱ ዕድለኛ አንድ ደቂቃ ተኩል ብቻ። የሁሉም አማካይ 12.3 ደቂቃ ይሆናል። አውቶቡሱ ያው፣ ነዳጁ ያው፣ አሽከርካሪው ያው፤ ተሳፋሪው ግን 4.8 ደቂቃ ከፍሏል። በዚያ ላይ የፊተኛው አውቶቡስ በሩ አልዘጋ ብሎ ሲጓዝ የኋለኛው ወንበሩ ሳይሞላ ይከተለዋል።

መዛባቱ የሚመጣው በአሽከርካሪ ስንፍና አይደለም። የፊተኛው አውቶቡስ መገናኛ ላይ በመጨናነቅ ሁለት ደቂቃ ዘገየ እንበል። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች በቀጣዩ ፌርማታ ሰው ይጨምራል። ትኬት በጥሬ ገንዘብ ሲቆረጥ አንድ ሰው ለመሳፈር አምስት ሰከንድ ቢፈጅበት፣ 40 ሰው 200 ሰከንድ ማለት ነው፤ በካርድ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ግን 80 ሰከንድ ይበቃል። ስለዚህ የዘገየው ይበልጥ ይዘገያል። ከኋላ ያለው ደግሞ ፌርማታው ተጠርጎ ስለሚጠብቀው ቶሎ ቶሎ ያልፋል፤ ይደርስበታልም። ካልተገታ ሁሌም ወደዚያው የሚሄድ ነገር ነው፤ በለንደንም፣ በናይሮቢም፣ በአዲስ አበባም። ትኬት አቆራረጥን ማፋጠን ብቻውን ከብዙ ሶፍትዌር የሚበልጥ መፍትሔ የሚሆነው ለዚህ ነው።

መግቻው አውቶቡሱን በልክ ማቆየት ነው። አንድ አውቶቡስ ከፊቱ ካለው 4 ደቂቃ፣ ከኋላው ካለው 16 ደቂቃ ርቆ መነሻ ጣቢያ ደረሰ እንበል። 6 ደቂቃ ቢቆይ ክፍተቱ አሥር አሥር ይሆናል። መነሻ ላይ ከሆነ፣ ሰው ሳይጭን በፊት፣ ስድስቱን ሙሉ ማቆየት ይቻላል። መንገድ መሐል ግን ጢም ብሎ የሞላን አውቶቡስ ስድስት ደቂቃ ማቆም በተሳፋሪው ላይ ግፍ ነው፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ አይመከርም። ሒሳቡ የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የሚከብደው የኋላው አውቶቡስ በእርግጥ በ16 ደቂቃ ይደርሳል ወይስ ቃሊቲ መንገድ ላይ ተይዞ 30 ይፈጅበታል የሚለውን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በእውነት የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው፦ ያለፉትን ሳምንታት የጉዞ ጊዜ፣ የአሁኑን ፍጥነትና ዝናቡን አይቶ የሚቀጥሉትን 20 ደቂቃዎች ይተነብያል። የስምሪት ሠራተኛው እጅ ላይ ባለ ስልክ «ይህን መኪና 4 ደቂቃ ያዘው» የሚል አንድ መስመር ብቅ ቢል በቂ ነው።

ታዲያ አሽከርካሪው ለምን ይቆያል? በምልልስ ብዛትና በቀን ገቢ ብቻ የሚመዘን ከሆነ መቆየት ለእሱ ኪሳራ ነው። የለንደን አስተዳደር ይህን የፈታው በውል ነው። ከ2001 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ አውቶቡስ የሚያንቀሳቅሱ የግል ኩባንያዎች በተጓዙት ኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን «ትርፍ ጥበቃ» በሚባል መለኪያ ይመዘናሉ፤ ቦነስም ቅጣትም የሚያገኙት በዚያ ነው። ትርፍ ጥበቃ ማለት ተሳፋሪው በተጨባጭ ከጠበቀው አማካይ ጊዜ ላይ በዕቅዱ መጠበቅ የነበረበት ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ከላይ ባየነው ምሳሌ 12.3 ሲቀነስ 7.5፣ ማለትም 4.8 ደቂቃ። ሲንጋፖርም በ2014 እ.ኤ.አ. ይህንኑ መንገድ ተከትላለች። መለኪያው ሲለወጥ አሽከርካሪውም፣ ተቆጣጣሪውም፣ ሥራ አስኪያጁም የሚያሳድዱት ነገር ይለወጣል። እኛ ዘንድ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጂፒኤስና ለአሠራሩ ለውጥ የቆረጠ አመራር ነው።

ስለ ጂፒኤስ ሲነሣ «ገጥመናል» የሚል መልስ ይሰጣል። መግጠሙ የሥራው ሩብ እንኳ አይሆንም። መሣሪያው ከባትሪ በቀጥታ ካልተገናኘ ሞተር በጠፋ ቁጥር ይጠፋል። አንቴናው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከተቀበረ፣ ወይም መኪናው በቀላል ባቡሩ ድልድይ ሥርና በረጃጅም ሕንፃዎች መሐል ሲያልፍ፣ ነጥቡ ወደ ጎረቤት መንገድ ይዘላል። የሲም ካርዱ ሒሳብ ያልቃል፤ የሚሞላው ሰው አይታወቅም። ከሁሉ የከፋውና በየቦታው የሚያጋጥመው ግን የስምሪት ወረቀቱና ሲስተሙ አለመገናኘታቸው ነው። ጠዋት አንድ አውቶቡስ ተበላሽቶ በምትኩ ሌላ ሲወጣ፣ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ይስተካከላል፤ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ግን የሰሌዳ ቁጥሩ አሁንም በአሮጌው መስመር ተመዝግቧል። ስለዚህ ሲስተሙ የጀሞ አውቶቡስ ነው ብሎ የሚያየው መኪና ሽሮ ሜዳ ሲወጣ ይውላል። እንዲህ ባለ መረጃ የሠለጠነ ሞዴል (ካለፈ መረጃ ተምሮ የሚተነብይ ፕሮግራም) ምንም ያህል ቢራቀቅ የሚማረው ስሕተትን ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ አሽከርካሪው ወይም ትኬት ቆራጩ ከዴፖ ሲወጣ የመስመር ቁጥሩን በስልክ እንዲያስገባ፣ ሳያስገባም በሩ እንዳይከፈትለት ማድረግ። ሲስተሙ በራሱ መኪናው የሄደበትን ጎዳና አይቶ «ይህ የተመዘገበበት መስመር አይደለም» ብሎ እንዲጠቁም ማድረግም ይቻላል፤ ይህ ለማሽን ቀላል ሥራ ነው።

ሰዓቱና ቀኑም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። የወረቀት መዝገቡ «1 ሰዓት» ሲል ጠዋት ነው፤ መሣሪያው ለዚያው ቅጽበት 7:00 ይላል፤ አገልጋይ ኮምፒዩተሩ ደግሞ በዓለም አቀፍ ሰዓት 4:00 ብሎ ያስቀምጠዋል። ሦስቱ ሳይታረቁ ከተቀላቀሉ የጠዋቱ ግፊያ ሌሊት ላይ ይታያል። ከውጭ ተዘጋጅቶ የመጣ ሞዴል ታኅሣሥ 29ን እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ይቆጥራል። ጥምቀትን፣ መስቀልንና ኢሬቻን፣ በጨረቃ የሚዞረውን ረመዳንና ዒድ፣ የትምህርት ቤት መከፈቻን፣ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላትን ጳጉሜን፣ የአገር አቀፍ ፈተና ሳምንትን አያውቅም። እነዚህን በእጅ አንድ ሠንጠረዥ አድርጎ ማስገባት የአንድ ሰው የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ካልገባ ግን ትንበያው በዓመት ውስጥ ባሉት ከባድ ቀናት ሁሉ ይስታል።

ከዚህም የጠለቀ ችግር አለ። የትኬት መረጃ የሚነግረን የተሳፈሩትን ብቻ ነው። ኮዬ ፈጬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አውቶቡስ ከሌለ ትኬት አይቆረጥም፤ ትኬት ካልተቆረጠ ሞዴሉ «እዚህ ፍላጎት የለም» ይላል፤ ፍላጎት የለም ከተባለ አውቶቡስ አይመደብም። ድሮም የተረሳ ሰፈር በማሽን ተረጋግጦ ይረሳል። በካዛንቺስና በፒያሳ በኮሪደር ልማት የተነሡ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሲሄዱ የሥራ ቦታቸው፣ የልጆቻቸው ትምህርት ቤትና ገበያቸው ብዙ ጊዜ በነበረበት ነው የቀረው። ያለፈው ዓመት የትኬት ታሪክ ስለ እነሱ ምንም አይናገርም። ስለዚህ ያልተሳፈረውን መቁጠር ግድ ነው። በየ15 ደቂቃው ሰልፉን ቆጥሮ፣ ስንቱ ተሳፈረ፣ ስንቱ ቀረ ብሎ የሚጽፍ ሰው በዋና ዋና መነሻዎች ላይ ለሁለት ሳምንት ቢቆም ከየትኛውም ካሜራ የተሻለ መነሻ መረጃ ይገኛል። በኋላ የቴሌኮም እንቅስቃሴ መረጃ፣ የግለሰብ ማንነት ሙሉ በሙሉ ተነሥቶለትና በሰፈር ደረጃ ተጠቃሎ፣ ሊታከል ይችላል። ይህ ሲደረግ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጣለው ግዴታ እንዲከበር በጥብቅ እናሳስባለን፤ የማንም ሰው ዕለታዊ መንገድ የማንም መነጋገሪያ መሆን የለበትም።

ተሳፋሪ የት እንደወረደ ለማወቅ መውረጃ ላይ ካርድ ማስነካት የግድ አይደለም። ለንደን አውቶቡስ ላይ ካርድ የሚነካው ሲሳፈሩ ብቻ ነው። መውረጃው የሚገመተው ከቀጣዩ መሳፈሪያ ነው፦ ጠዋት መገናኛ የተሳፈረ ካርድ ማታ ሜክሲኮ ላይ ከተነካ፣ ጠዋት የወረደው ሜክሲኮ አካባቢ ነው ብሎ መነሣት ይቻላል። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የተነካ ካርድ ላይ ይህ አይሠራም፤ መልስ ጉዞውን በታክሲ ያደረገ ሰው ላይም እንዲሁ። እኛ ዘንድ ደግሞ አውቶቡስና ታክሲ ቀላቅሎ የሚሄደው ብዙ ነው። ስለዚህ ግምቱ የሚሸፍነው ከፊሉን ብቻ መሆኑ ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት። በር ላይ የሚገጠሙ ቆጣሪዎችም ቢሆኑ ሰው በሩ ላይ ተጣቦ ሲቆም ይሳሳታሉ፤ በደንብ የሚሠሩት ሰው ባልበዛበት አውቶቡስ ላይ ነው፤ እኛ መቁጠር የምንፈልገው ደግሞ የታጨቀውን። በአየር የሚሠራ ሰስፔንሽን ያላቸው አውቶቡሶች ላይ ግን የአየሩ ግፊት የጭነቱን ክብደት ስለሚናገር፣ ከዚያ የሰውን ብዛት መገመት ይቻላል። በባሌስትራ የሚሄዱት ላይ ይህ የለም።

ስለ ሚኒባስ ታክሲ ሳይነሣ የአዲስ አበባ ትራንስፖርት ውይይት ሙሉ አይሆንም። የናይሮቢ ልምድ እዚህ ያስተምራል። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካዎቹ ኤምአይቲና ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ ተማሪዎችን ጂፒኤስ ያለው ስልክ አስይዞ ማታቱ በሚባሉት የከተማዋ ሚኒባሶች ላይ አሳፍሮ ከ130 በላይ መስመሮችን ከነፌርማታቸው መዘገበ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. መረጃው ዓለም በሚጠቀምበት ክፍት ቅርጽ ለሁሉም ተለቀቀ። ውድ መሣሪያ አልነበረም። የመስመር ካርታ ግን አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ ታክሲ መስመሩን መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይለውጣልና ካርታውን በየሩብ ዓመቱ የሚያድስ ክፍል ሊኖረው ይገባል። ፌርማታዎችም ቁጥር ቢሰጣቸው መልካም ነው፤ አንዱ ቦታ በሦስት ስም፣ አንዱ ስም በሦስት ቦታ በሚጠራበት ከተማ ተሳፋሪው በአጭር ቁጥር መልእክት ልኮ «ቀጣዩ መኪና በስንት ደቂቃ ይመጣል» ብሎ መጠየቅ የሚችለው ያኔ ነው። ስማርት ስልክ የሌለውም ሰው ተሳፋሪ መሆኑ እንዳይዘነጋ።

በታክሲ በኩል ሁሉም የሚያማርርበት መንገድ ማቆራረጥ ነው። ታፔላው ላይ የተጻፈው መዳረሻ ሌላ፣ ረዳቱ የሚጠራው ሌላ። ይህን በጂፒኤስ ማጋለጥ ለማሽን ቀላል ነው፤ መቅጣትም ይቻላል። ግን ምክንያቱን እንይ። ታሪፉ በርቀት እርከን ስለሆነ የአጭሩ ጉዞ ዋጋ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ብዙውን ጊዜ ከረጅሙ ይበልጣል። በግፊያ ሰዓት ደግሞ ረጅሙ መስመር በመንገድ መጨናነቅ ጊዜ ይበላል፤ ሲመለስም ባዶውን ነው። ስለዚህ አሥር ኪሎ ሜትሩን ሦስት ቦታ የቆረጠው ባለታክሲ በተመሳሳይ ነዳጅ የተሻለ ይዞ ይገባል። ሒሳቡ እንዲህ እስከሆነ ድረስ ቅጣቱ የሚያመጣው ከተቆጣጣሪ መደበቅን ነው፤ አንቴና መንቀልን ጨምሮ። መረጃው መጀመሪያ ታሪፉን ለማስተካከል፣ ጠዋት ከዳር ሰፈር ለሚጭን የባዶ ምልልስ ማካካሻ ለመስጠት ቢውል የተሻለ ነው። በታለመው የነዳጅ ድጎማ ጊዜ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያው በቴሌብር እንዲሆን መደረጉ በሰሌዳ ቁጥር ለይቶ ጥቅምን ማድረስ በእኛም አገር እንደሚቻል አሳይቷል። ያንን ልምድ ማካካሻው ላይ መጠቀም ይቻላል። ባለታክሲዎች መረጃው እንደሚጠቅማቸው በተግባር ካዩ መሣሪያውን ራሳቸው ይጠብቁታል።

ጥገና ላይ ስለ «ትንበያ» ብዙ ይወራል፤ መዋዕለ ንዋይ ከመፍሰሱ በፊት አንድ ስሌት እናስቀምጥ። አዲስ የፍሬን ሸራ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ መቀየር ያለበት 6 ሲደርስ ነው እንበል። ቁልቁለት በሚበዛበት መስመር፣ ለምሳሌ ከሽሮ ሜዳ በሚወርደው ላይ፣ በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ቢያልቅና መኪናው በቀን 200 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ በ15 ቀን 1 ሚሊ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። በ5,000 ኪሎ ሜትር አንዴ ለክቶ መዝገብ ላይ የሚጽፍ መካኒክ ያለበት ጋራዥ መቼ እንደሚያልቅ ያለ ምንም ኮምፒዩተር ያውቀዋል። ጥያቄው ሸራው ከትዕዛዝ እስከ እጅ ስንት ጊዜ ይፈጃል ነው። የውጭ ምንዛሪ፣ ጨረታ፣ ጉምሩክ ተደማምረው አራት ወር ከፈጁ፣ በዚያ ጊዜ መኪናው 24,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ 8 ሚሊ ሜትር ይበላል። ስለዚህ ትዕዛዙ መሰጠት ያለበት ሸራው ገና 14 ሚሊ ሜትር ሳለ ነው፤ ማለትም አዲስ ከተገጠመ በሁለት ወሩ። ግዢው ወደ አንድ ወር ቢያጥር ግን ትዕዛዙ 8 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ መቆየት ይችላል፤ መጋዘን ውስጥ የሚታሰረው ገንዘብም ያንሳል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው፤ ቅጠሉ ግን በግዢ ክፍል እጅ ነው ያለው።

ቀላል ባቡሩ ያስተማረንም ይህንኑ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ መስመሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጣቢያው 39። ከባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት የቆሙት ብልሽታቸውን የሚተነብይ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ዛሬም የትንበያ ሶፍትዌር ቢገባ፣ ከአቅራቢ ጋር የረጅም ጊዜ የመለዋወጫ ውል ከሌለና እዚሁ ሊሠሩ የሚችሉ ክፍሎች ተለይተው ለአገር ውስጥ ወርክሾፕ ካልተሰጡ፣ የሚነግረን የትኛው ባቡር መቼ እንደሚቆም ብቻ ነው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ባለው ሁለቱ መስመሮች በሚጋሩት ክፍል ላይ ግን ብልህ ስምሪት አሁኑኑ ይጠቅማል፤ የአንዱ መስመር ባቡር ሲዘገይ ሌላውን ይዞ ስለሚዘገይ፣ የትኛው ቀድሞ ይግባ የሚለውን በየደቂቃው አስልቶ ለተቆጣጣሪው መምከር ይቻላል።

የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ዳገት፣ ጭነትና መጨናነቅ ባትሪውን እንደየመስመሩ ስለሚበሉት፣ ማታ የትኛው መኪና በየትኛው ቻርጀር ስንት ሰዓት ይቁም፣ ጠዋትስ የትኛው ወደ ረጅሙ መስመር ይውጣ የሚለው በእጅ ለመሥራት አስቸጋሪ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዕቅዱ በሙሉ እንደገና መሠራት አለበት። ለዚህ ጥሩ የማቀጃ ፕሮግራም መግዛት ተገቢ ነው እንላለን። የትራፊክ መብራትን በአስተውሎት መምራትም ይነሣል፤ በግፊያ ሰዓት ዋና ዋና መስቀለኛ መንገዶችን በእጁ የሚያስተናግደው ትራፊክ ፖሊስ ስለሆነ ከፖሊስ ጋር ሳይመከር የሚገጠም መብራት ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። ቅልጥፍና ማለት ሠራተኛን ማሯሯጥ አይደለም፤ ውሳኔው መረጃው ወዳለበት ሰው መውረዱ ነው። የምናቀርበው ሐሳብ ውሳኔን በሦስት እርከን መክፈል ነው። የዴፖ ስምሪት ኃላፊ በዕለቱ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ከሥሩ ካሉት አውቶቡሶች እስከ አሥር በመቶውን ከመስመር ወደ መስመር ማዘዋወር፣ መኪና መንገድ መሐል እንዲመለስ ማዘዝ፣ መነሻ ላይ ማቆየት ይችል። ያደረገውንና ምክንያቱን በአንድ መስመር ይመዝግብ፤ ይህ ብቻ ይበቃል። የኦፕሬሽን ኃላፊው በሳምንት ውስጥ ፌርማታ መጨመርና መቀነስ፣ የመነሻ ሰዓት መለወጥ፣ መንገድ ሲዘጋ ተለዋጭ መስመር መክፈት ይችል። አዲስ መስመር፣ ታሪፍና የታክሲ ታፔላ ድልድል በከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ይወሰኑ፤ ግን በዓመት ሳይሆን በየሦስት ወሩ፣ አስቀድሞ በታወቀ ቀን። አሥር በመቶው ለምን? ከዚያ ካለፈ መኪና የሚወሰድበት መስመር ተሳፋሪ ይጎዳል፤ ካነሰ ደግሞ 20 መኪና ባለው ቅርንጫፍ አንድ መኪና ብቻ ይሆንና ለውጥ አያመጣም። ኃላፊው በቅን ልቦና ያደረገው ዝውውር ቢሳሳት እንደማይቀጣበት በጽሑፍ ካልተረጋገጠለት ግን አይጠቀምበትም። የሚያስጠይቀው አለመመዝገቡ ይሁን።

ይህን በመላው ከተማ በአንድ ጊዜ መጀመር አይገባም። ከቦሌ አራብሳ እስከ መገናኛ ያለው መስመር ለሙከራ ምቹ ነው፦ ጠዋት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ማታ ወደ ሌላው የሚጎርፍ ሕዝብ አለው፣ መነሻው ላይ መኪና ማቆያ ቦታ ይገኛል። አንድ የስምሪት ሠራተኛ፣ አንድ የአሽከርካሪዎች ተወካይ፣ አንድ መካኒክ፣ አንድ የመረጃ ባለሙያ፣ ከታክሲ ማኅበራት የተራ አስከባሪነትን ሥራ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ከነዋሪው አንድ፤ እነዚህ በየጠዋቱ 15 ደቂቃ ቆመው ይገናኙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መቁጠር ብቻ፤ ምንም አይለወጥ። በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ያለ ምንም ሶፍትዌር፣ በስልክ ጥሪና በሰዓት፣ መነሻ ላይ የማቆየቱ ሥራ ይጀመር። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ሳምንታት የትንበያ ሥርዓቱ ይታከል። እንዲህ ሲሆን የአሠራሩ ለውጥ ያመጣው ምን ያህል፣ ማሽኑ የጨመረው ምን ያህል እንደሆነ ተለይቶ ይታያል። ብዙ ፕሮጀክቶች ሁለቱን አብረው ጀምረው የትኛው እንደሠራ ሳይታወቅ ቀርተዋል።

የግዢ ውሉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከጂፒኤስና ከካርድ የሚወጣው ጥሬ መረጃ የከተማው ንብረት መሆኑ፣ በክፍት ቅርጽ በየቀኑ መውሰድ እንደሚቻል፣ ውሉ ሲያልቅም ምንም ሳይከፈል እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍ። ከመቶ መሣሪያ አሥሩ መለዋወጫ ሆነው ይምጡ። የትንበያው ጥራት በአቅራቢው ገለጻ አይመዘን፤ «ባለፈው ሳምንት በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ሰዓት የነበረው» ከሚል ተራ ግምት ጋር ይወዳደር። ከዚያ ተራ ግምት ካልተሻለ አይከፈል። ይህ ፈተና ቀላል ይመስላል፤ በክረምት ጎርፍና በበዓል ሰሞን ሲደረግ ግን የሚወድቀው ብዙ ነው። የፊት ገጽታ የሚለይ ካሜራ ለስምሪት ሥራ ጨርሶ አያስፈልግምና በውሉ ውስጥ አይግባ።

የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ አሁን እንዲጀምር እንጠይቃለን፦ በአንድ መስመር ላይ የተሳፋሪውን ትርፍ ጥበቃ በየሳምንቱ አስልቶ፣ ከጠዋቱ 12:30 እስከ 2:30 እና ከቀኑ 11:00 እስከ ምሽቱ 1:30 ለየብቻ፣ በመነሻ ጣቢያው ሰሌዳ ላይና በዚህ ጋዜጣ ላይ ይለጥፍ። ስሌቱን ለሚሠሩት ሠራተኞች ያለ ክፍያ ሥልጠና ለመስጠት ዝግጁ ነን፤ የቆጠራ ቅጹን ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል።

ከአክብሮት ጋር፣
በከተማ ትራንስፖርት ዕቅድና ስምሪት ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ